ዙፋን ችሎትና መደበኛው ፍርድ ቤት

ኅዳር 7 ቀን 1967 ዓ.ም. ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር ደርግ ሦስት ዐዋጆችን በተከታታይ አወጣ። የመጀመሪያው ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የሚያቋቁም፣ ሁለተኛው ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የሚደነግግ፣ ሦስተኛውም በዚሁ ፍርድ ቤት ክስ የሚሰማበትን ሥነ ሥርዓት የሚወስን ነበር። ነገሩ ድንገተኛ አልነበረም። ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት በመስከረም 2 ቀን የታወጀው ዐዋጅ ቁጥር 1፣ በጉቦና ያለ አግባብ በሥልጣን በመጠቀም የሚከሰሱ ባለሥልጣኖች የሚዳኙበት ወታደራዊ ፍርድ ቤት እንደሚቋቋም አስታውቆ ነበርና፣ በኅዳር የተደረገው የዚያ ቃል መፈጸሚያ ነበር። ተከሳሾች የሚሆኑት ሰዎች በእጅ ነበሩ፤ ሕጉም ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው መዝገብ ከፍቶ ችሎት መሰየም ብቻ ነበር።

ከሰባት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ ስልሳ ያህል ሰዎች በዚያ ፍርድ ቤት ፊት ሳይቆሙ ሞቱ። አብዛኞቹ ከእስር ቤት ተወስደው የተረሸኑ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም መካከል ሁለት የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድና ልጅ እንዳልካቸው መኰንን ይገኙባቸዋል። የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በዚያው ዕለት በመኖሪያ ቤታቸው በተደረገ ተኩስ ሞተዋል። ለሕዝቡ የተሰጠው መግለጫ ክስና ማስረጃን አልጠቀሰም፤ የተወሰደው እርምጃ ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው ተባለ።

አንድ መንግሥት የሌላውን ፍርድ ቤት ማፍረሱ በታሪክ የተለመደ ነው። ራሱ ያቋቋመውን ፍርድ ቤት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ዘሎት ሲያልፍ ግን ይህ እንዴት እንዲህ ቀለለው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው መልስ በደርጉ ውስጥ የነበረውን የሥልጣን ሽኩቻና የኤርትራን ጦርነት ጉዳይ ያነሣል። መልሱ እውነት ነው፤ በቂ ግን አይደለም። ውሳኔው ለምን እንደተደረገ ያስረዳል እንጂ፣ በአገሪቱ ካለው ፍርድ ቤት አንዱም በመንገዱ ላይ ለምን እንዳልቆመ አያስረዳም። ለዚህኛው ጥያቄ ከ1967 ዓ.ም. ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያዊ ለሕግና ለሙግት ባይተዋር ሆኖ አያውቅም። በመንገድ የተጣሉ ሁለት ሰዎች አላፊ አግዳሚውን ዳኛ አድርገው ያስቆሙ ነበር፤ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር፤ «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው፣ ጉልበተኛም ቢሆን፣ እጁን ይሰበስብ ነበር። በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ ዋስ እየጠሩና እየተወራረዱ የሚደረገው ክርክር ራሱን የቻለ የንግግር ጥበብ ነበር። በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ይልቅ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታንገበግበኛለች የሚል ሕዝብ፣ የሥርዓትን ነገር ከጥቅም በላይ ያየ ሕዝብ ነው። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብሎም ተርቷል። ሁለቱ አባባሎች በአንድ ሰው አፍ ሳይጋጩ ኖረዋል፤ የዚህ ታሪክ ቋጠሮም በዚያ ላይ ነው።

በጥንቱ ሥርዓት ዳኝነት ከሹመት የተለየ ሥራ አልነበረም። ጭቃ ሹሙ በመንደሩ፣ አገረ ገዥው በግዛቱ የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ራሱ ይዳኝ ነበር። ይግባኙም ደረጃ በደረጃ እየወጣ ወደ አፈ ንጉሡ፣ ከዚያም ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ይደርሳል። ለከባድ ጉዳይ ፍትሐ ነገሥት ይገለጣል፤ ሊቃውንቱ አንቀጹን ከግዕዙ አንብበው ይተረጕማሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የንጉሡ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርዱን ሚኒስቴር ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ መስጠታቸው ለሹመቱ አዲስ ስም ጨመረለት እንጂ የነገሩን መሠረት አልለወጠውም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ዳኞች በሕግ መሠረት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ስም ይፈርዳሉ አለ። «በስም» የምትለዋ ቃል ቀላል ትመስላለች። ባለስሙ በፈለገ ጊዜ የራሱን ነገር መልሶ መያዝ እንደሚችል ግን ሁሉም ያውቅ ነበር።

መደበኛ ፍርድ ቤት በዛሬው መልኩ የተወለደው ከነፃነት መመለስ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በዐዋጅ ቁጥር 2ም ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት፣ ከፍተኛ ፍርድ ቤትና የየጠቅላይ ግዛቱ ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ። ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት እንግሊዛውያን ዳኞችም በከፍተኛው ፍርድ ቤት ተቀመጡ። ሥራው ትልቅ ነበር፤ የክስ አቤቱታ በጽሑፍ ሆነ፣ መዝገብ ተከፈተ፣ የይግባኝ መንገድ ታወቀ። ይሁን እንጂ በአውራጃና በጠቅላይ ግዛት የፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ገዥው ራሱ ነበር። ጠዋት ግብር ያስከፈለ ሹም ከሰዓት በኋላ በግብሩ ምክንያት የመጣውን ክርክር ሊሰማ ይችል ነበር ማለት ነው። በላይ ደግሞ፣ ከጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት በላይ፣ ዙፋን ችሎት ነበረ።

ስለ ዙፋን ችሎት ከርቀት ሆኖ መፍረድ ቀላል ነው። በዘመኑ ለነበረው ባላገር ግን ዙፋን ችሎት ግፍ ሳይሆን ተስፋ ነበር። ከሩቅ አውራጃ ስንቁን ቋጥሮ አዲስ አበባ የሚመጣው አቤት ባይ፣ በአገሩ ዳኛው ከባለርስቱ ጋር የተዛመደ፣ ጸሐፊውም እጅ መንሻ የለመደ ሆኖበት የመጣ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መኪና በምታልፍበት መንገድ ዳር ቆሞ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ አንዳንዱም መንገዱ ላይ ተደፍቶ «አቤት!» ይላል። ደርሶለት ዙፋን ችሎት ከቀረበ፣ ነገሩ ከሥር ፍርድ ቤት እስከ ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርድ ቤት የተጓዘውን ሁሉ የሚያስቀር ውሳኔ ሊያገኝ ይችላል። ንጉሠ ነገሥቱም ለዚህ ሥራ ቀን ወስነው ያስችሉ ነበር፤ አገዛዛቸውን ከሚያኰሩዋቸው ነገሮች አንዱ እንደነበረም አያጠራጥርም።

ችግሩ ችሎቱ ክፉ መሆኑ አልነበረም። ይግባኝ፣ ምሕረትና የፖለቲካ ፈቃድ በአንድ ወንበር ላይ ተደራርበው መቀመጣቸው ነው። የሥር ዳኛ በሕግ ተሳስቷል ማለት አንድ ነገር ነው፤ ዳኛው በሕጉ ትክክል ነው፣ ነገር ግን ሰውየው ያሳዝናልና ይቅር ይባል ማለት ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሰው ለመንግሥት ያስፈልጋልና ነገሩ ይተውለት ማለት ደግሞ ፈጽሞ የተለየ ነው። ከዙፋን የሚወርደው ቃል ሦስቱንም ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የመለየት ሥልጣን ያለው ግን ማንም አልነበረም። በመስኖ በሚያለሙ መንደሮች የውኃ አባት የሚባል ሰው ተራ ያወጣል። ተራው ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ገበሬው አውቆት ማሳውን በዚያ ልክ ያዘጋጃል። ከውኃ አባቱ በላይ የሆነ ሰው፣ ከደግነትም ይሁን ከወዳጅነት፣ በሌሊት ለአንዱ ቦዩን የሚከፍትለት ከሆነ ግን ከታች ያለው ሁሉ ተራውን ትቶ ያንን ሰው ደጅ መጥናት ይጀምራል። የውኃ አባቱም ቢሆን፣ ነገ ለሚሻር ተራ ከሰው ጋር ለምን ይቀያየማል?

በጥቅምት 1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህን ቋጠሮ ለመፍታት የሞከረ ይመስላል፤ ግን አጥብቆ አሰረው። አንቀጽ 110 ዳኞች በፍርድ ሥራቸው ነፃ እንደሆኑና ከሕግ በቀር ለሌላ ሥልጣን እንደማይገዙ ይናገራል። ማንኛውም ነዋሪ ሚኒስቴርንና የመንግሥት መሥሪያ ቤትን በፍርድ ቤት ሊከስ እንደሚችልም ተጽፏል፤ ይህ ለጊዜው ደፋር ድንጋጌ ነው። ከዚሁ ጋር ግን ንጉሠ ነገሥቱን ማንም ሊከስ እንደማይችል፣ ሁሉም ሰው አቤቱታውን ለንጉሠ ነገሥቱ ለማቅረብ መብት እንዳለው፣ ፍትሕን የመጠበቅ ሥልጣንም የንጉሠ ነገሥቱ እንደሆነ ተደነገገ። ጥንታዊው ተረት የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሆነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የመጡት ዓመታት በሕግ ሥራ ረገድ ከሁሉም የበለጸጉ ናቸው። በ1949 ዓ.ም. የዤኔቩ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት 3367 አንቀጽ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግና የንግድ ሕጉ፣ በ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት፣ በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ወጡ። ሁለቱ የሥነ ሥርዓት ሕጎች የጊዜ ገደቡን፣ የማስረጃውን አቀራረብና የይግባኙን ደረጃ በዝርዝር ከወሰኑ በኋላ፣ ይግባኙን የጨረሰ ሰው ወደ ዙፋን ችሎት ከማመልከት የሚከለክለው ነገር እንደሌለ ይገልጻሉ። አርቃቂዎቹ ወለሉን ሁሉ በሚገባ ለክተው ሠርተዋል፤ ጣራውን ግን ክፍት ትተውታል። ሊዘጉት ሥልጣን አልነበራቸውም።

በመካከሉ የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ሙከራው ሲከሽፍ ዐማፅያኑ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያገቷቸውን ሚኒስትሮችና መኳንንት በጥይት ፈጁ። ሳይገደሉ የተያዙት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ግን ለፍርድ ቀረቡ፤ ተፈረደባቸውና በመጋቢት 1953 ዓ.ም. በአደባባይ ተሰቀሉ። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነበር የሚል ሰው አይሳሳትም። ቢሆንም ክስ ተነቧል፣ ተከሳሹ ተናግሯል፣ ሰዎችም ሰምተዋል፤ ከ14 ዓመት በኋላ ይህን ያህሉ እንኳ አልተገኘም። ያ ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ፣ በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። በአስር ዓመት ውስጥ ከዚያ የወጡ ወጣት ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ በየፍርድ ቤቱ ተቀመጡ። እነዚህ ሰዎች አንቀጽ 110ን ያነበቡት እንደ ጌጥ ሳይሆን እንደ ሥራ መመሪያ ነበር። ከላያቸው ያለውን ክፍት ጣራ ግን እያዩ ነበር የሚሠሩት።

የ1966 ዓ.ም. እንቅስቃሴ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ደም አልነበረም፤ ምርመራ ነበር። የወሎን ረኃብ የደበቁና የሕዝብ ገንዘብ ያባከኑ ባለሥልጣኖች ይጠየቁ ተባለ። በዚህም መሠረት መርማሪ ኮሚሽን በዐዋጅ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩም መስፍን ወልደ ማርያም ሆኑ። ኮሚሽኑ ሰነድ እየሰበሰበ፣ ባለሥልጣኖቹን እየጠራ እየጠየቀ፣ ምስክር እየሰማ ይሠራ ነበር። አዝጋሚ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ፤ ምርመራ ግን ከዚህ የተሻለ ፍጥነት የለውም። ኅዳር 14 ቀን ከተገደሉት መካከል ጉዳያቸው በዚሁ ኮሚሽን ዘንድ ያልተቋጨ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ዕለት ሰዎቹ ብቻ አልሞቱም። ረኃቡን ማን፣ መቼ፣ በምን ትእዛዝ እንደደበቀው ከዋነኞቹ አፍ በመስቀለኛ ጥያቄ ሊገኝ የሚችለው ቃልም አብሮ ተቀበረ። ለወሎ ሟቾች ቤተሰብ ይህ ትንሽ ጉዳት አይደለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ደርጉ ፍርድ ቤቶችን አልዘጋም፤ እንዲያውም ዐዋጅ ቁጥር 1 መደበኛ ሥራቸውን እንዲቀጥሉ ነበር ያዘዘው። የቤት ኪራይና የውርስ ክርክር መሰማቱን ቀጠለ። አንድም መደበኛ ዳኛ ግን እስረኞቹ ይቅረቡልኝ ብሎ ማዘዝ የሚችልበት ልምድ አልነበረውም፤ ከበላይ የሚመጣ ቃል ሁልጊዜ የፍርድ ቤቱን ቃል ሲያጥፍ ኖሯልና። በቀድሞው ዘመን የበላዩ ቃል ብዙ ጊዜ እየማረ ነበር የሚያጥፈው። የተለወጠው የወንበሩ ባለቤትና የቃሉ ይዘት እንጂ የቃሉ መውረጃ መንገድ አይደለም። ዙፋኑ ተነሥቶ፣ ዙፋን ችሎትም ቀርቶ፣ ያ መንገድ ብቻ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት በአጭሩ ይነገራል። ልዩ የጦር ፍርድ ቤቱ ይግባኝ የማይባልበት ሆኖ ሠራ፤ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉም ከመውጣቱ በፊት ለተፈጸሙ ድርጊቶች ጭምር እንዲሠራ ተደረገ። ቀበሌዎች የፍርድ ሸንጎ አገኙ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ ፍርድ የሚባለው ስም እንኳ አስፈላጊ መሆኑ ቀርቶ «ነፃ እርምጃ» የሚለው ቃል ወጣ። በዚያ ቃል የተገደሉ ወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ሲወድቅ፣ ጥቂት ርምጃ ዝቅ ብሎ የአውራጃው ፍርድ ቤት የቀጠሮ ሰሌዳውን ለጥፎ ይሠራ ነበር። ይህን ለዳኞቹ ነቀፋ አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ ሕይወታቸውም እንደማንኛውም ሰው ሕይወት ነበር።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ፣ የኅዳር 14ቱ ግድያ በፍርድ ቤት የሚታይበት ቀን መጣ። በነሐሴ 1984 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 22 ልዩ ዐቃቤ ሕግ ተቋቋመ፤ የዋነኞቹ ባለሥልጣኖች ክስ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. መሰማት ጀመረ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ዚምባብዌ ስለነበሩ በሌሉበት ተከሰሱ። ዐቃቤ ሕግ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ከባዱ የመንግሥቱ የራሱ ወረቀት ነበር፤ ውሳኔዎቹ ተጽፈው፣ ተፈርመው፣ ተመዝግበው ነበርና። የድርጊቱ ባለቤቶች ፍርድ ቤቱን ቢዘሉም ከመዝገብ ቤቱ አልተላቀቁም ማለት ነው።

የተከሰሱበትም ሕግ ሌላ ሳይሆን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር። የዚያ ሕግ አንቀጽ 281 ስለ ዘር ማጥፋት ሲደነግግ፣ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት የማይጠቅሰውን የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምራል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተጻፈች አንዲት ቃል ንጉሠ ነገሥቱን ያወረዱት ሰዎች የሚጠየቁበት መሠረት ሆነች። ችሎቱ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ጥፋተኝነቱን በድምፅ ብልጫ ወሰነ። ከሦስቱ ዳኞች አንዱ፣ በኋላ የወጡት የደርጉ ዐዋጆች ለፖለቲካ ቡድን የተሰጠውን ጥበቃ ሽረውታልና ተከሳሾቹ በዘር ማጥፋት ሳይሆን በሌሎች አንቀጾች ሊጠየቁ ይገባል ሲል የልዩነት ሐሳቡን ጻፈ። ብዙ የሟች ቤተሰቦች ይህን መስማት እንደሚከብዳቸው መገመት አያስቸግርም። ስለ ፍርድ ቤት ታሪክ ለሚያስብ ሰው ግን ያ የልዩነት ሐሳብ ከዋናው ፍርድ የማያንስ ክብደት አለው። አንድ ዳኛ፣ መንግሥትም ሕዝብም የሚጠብቀውን አውቆ፣ በፊርማው የተለየ ነገር አለ፤ በማግሥቱም ወደ ሥራው ገባ።

ሂደቱ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። አስራ ሁለት ዓመት መፍጀቱ ለማንም ፍትሕ አይመስልም፤ ብዙዎች ፍርድ ሳይሰሙ በእስር አርጅተዋል፤ በዚሁ ዘመን የነበረው መንግሥት የፈጸመውን በደል የሚመረምር ተመሳሳይ ዐቃቤ ሕግ አለመኖሩም በግልጽ ይታይ ነበር። ቢሆንም በዚህ መዝገብ ውስጥ ከቀደሙት የተለየ አንድ ነገር ይገኛል። በጥር 1999 ዓ.ም. የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ጠይቆ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በግንቦት 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት አሳደገው። ከዚያ የሃይማኖት አባቶች ምሕረት ለመኑ፤ በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የሞቱን ቅጣት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡት፤ ብዙዎቹም በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሃያ ዓመት ከታሰሩ በኋላ፣ ወጡ።

ከቤተ መንግሥት የመጣው ቃል በዚህ ጊዜ ክርክሩን እንደገና አልከፈተም፤ ማስረጃውን አልመዘነም፤ ዳኞቹ ተሳስተዋል ወይም ልክ ናቸው አላለም። ቅጣቱን ብቻ ቀነሰ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ስለተፈጸመው ግድያ የተሰጠው የጥፋተኝነት ፍርድ፣ ከአንዱ ዳኛ የልዩነት ሐሳብ ጋር፣ በመዝገቡ ላይ እንደተጻፈ ቆየ።